ቤት ቢለቀቅም ትምህርት ቤት አይለቀቅም፦ አሜሪካ ላይ የልጃችሁን አውቶቡስና ስፔሻል ኢድ እንዴት ታስከብራላችሁ?

አሜሪካ ላይ ሬንት ሲያቅት መጀመሪያ የሚደወለው ለዘመድ ነው። «ለጊዜው እኛ ጋ ሁኑ» ይባላል። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሻንጣው ከሶፋው ጀርባ ይደረደራል፣ ኑሮ ይቀጥላል። ዘመድ እያለ ራሱን ቤት አልባ ብሎ የሚቆጥር ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። የትምህርት ሕጉ ግን የእነዚህን ቤተሰቦች ልጆች ያውቃቸዋል፤ መብትም ሰጥቷቸዋል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ወላጅ ልጁን ከለመደው ትምህርት ቤት ያስወጣል። ሌላው ደግሞ ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ እንቅልፍ ሳያይ፣ አንዱን ካውንቲ አቋርጦ ልጁን ያደርሳል።

ልጁ ስፔሻል ኢድ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት) ውስጥ ከሆነ ጣጣው እጥፍ ነው። አውቶቡሱ ብቻ ሳይሆን የንግግር ሕክምናው፣ ረዳቷ፣ የለመደው ክፍል ሁሉ አብሮ ይናጋል።

ሕጎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቤት ያጡ ልጆችን የትምህርት መብት የሚያስከብረው ነው፤ ማኪኒ-ቬንቶ ይባላል። በ1987 የወጣ ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የሁለት የኮንግረስ አባላት ነው፤ የኮነቲከቱ ሪፐብሊካን ስቱዋርት ማኪኒና የሚኒሶታው ዴሞክራት ብሩስ ቬንቶ። በ2015 በሰፊው ተሻሽሏል። ሁለተኛው አይዲያ የሚባለው የስፔሻል ኢድ ሕግ ነው። መሠረቱ በ1975 ተጣለ፣ የአሁኑን ስሙን በ1990 አገኘ። እነዚህን ሁለት ስሞች ያዙ። ስልክ ላይ ስትጠሯቸው የሰዎቹ ድምፅ ሲለወጥ ትሰማላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ማን ይክፈል የሚለው የዲስትሪክቶቹ (የየአካባቢው የትምህርት አስተዳደሮች) ራስ ምታት ነው፤ የእናንተ አይደለም። የእናንተ ሥራ ለትክክለኛው ሰው፣ በጽሑፍ፣ በጊዜ መጠየቅ ነው።

1. መጀመሪያ ሕጉ ይመለከታችሁ እንደሆነ እዩ

መለኪያው የማታ ማደሪያችሁ ነው። ቋሚ፣ መደበኛና በቂ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሕጉ ልጃችሁን ይመለከታል። ሼልተር፣ ሌላ አማራጭ አጥቶ ሞቴል ውስጥ መኖር፣ መኪና ውስጥ ማደር፣ መናፈሻ፣ የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ለመኖሪያ የማይበቃ ቤት ሁሉም አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይኸኛው ነው፦ ቤት አጥታችሁ፣ ወይም ኑሮ ከብዷችሁ፣ ወይም በተመሳሳይ ችግር ሰው ቤት ተጠግታችሁ ከሆነም ሕጉ ይሸፍናችኋል።

ምክንያቱ ወሳኝ ነው። አብሮ መኖሩን መርጣችሁ፣ ተስማምቷችሁ ለዓመታት ከእህታችሁ ጋር የምትኖሩ ከሆነ አይሠራም። ሥራ ቀርቶባችሁ፣ ከአፓርታማ ተባርራችሁ፣ ወይም ከአገር ቤት ገና መጥታችሁ የራሳችሁን ለመከራየት አቅም ጠፍቶ ሳሎን ላይ ተኝታችሁ ከሆነ ጠይቁ። ውሳኔው በእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁኔታ የሚታይ ነው። «አይመስለኝም» ብላችሁ ለራሳችሁ አትፍረዱ።

ሁለት ፍርሃቶች ሰውን ያስቀሩታል። የመጀመሪያው የመኖሪያ ወረቀት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ፕላይለር በዶ ላይ በሚባለው ክስ ወረቀት የሌለው ልጅም ነፃ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወስኗል። ስለዚህ ስለ አሳይለም ጉዳያችሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ማውራት አያስፈልጋችሁም። ሁለተኛው፦ «ዘመዴ ኪራይ ውሉ ላይ አራት ሰው ነው የጻፈው፤ እኛ መግባታችንን ቢያውቁ ያስወጡታል»። ይሄ እውነተኛ ጭንቀት ነው። በ2015ቱ ማሻሻያ መሠረት ልጁ የት እንደሚኖር የሚገልጸው መረጃ ሚስጥራዊ የተማሪ መዝገብ ነው፤ ለማንም እንደ ስልክ ማውጫ የሚሰጥ አይደለም። ትምህርት ቤት ለአከራይ የሚደውልበት ምክንያት የለም። ቀድማችሁ «ለአከራዩ እንዳይደወል» ብላችሁ ብትጽፉ ግን አይከፋም።

2. ላያዘኑን ፈልጉ

እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት ለዚህ ሕግ የተመደበ አንድ ሰው እንዲኖረው ግዴታ አለበት። የማኪኒ-ቬንቶ ላያዘን ይባላል። ፊት ለፊት ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ይህን ሕግ ላታውቀው ትችላለች፤ ከእሷ ጋር አትሟገቱ። በዲስትሪክቱ ድረ ገጽ መፈለጊያ ላይ የሕጉን ስም በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ወይም ካውንስለሩን ስሙንና ኢሜይሉን ጠይቁ። ሼልተር ውስጥ ከሆናችሁ ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ያውቁታል።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ስልኩ ሲነሳ ሦስት ቃል ይበቃል፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ»። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መስመሩ ላይ አስተርጓሚ ይገባል። ለእናንተ ነፃ ነው፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አስተርጓሚው ሲገባ እንዲህ በሉ፦ «ቤታችንን አጥተን ለጊዜው ሰው ቤት ነን። ልጄ በፊት በነበረበት ትምህርት ቤት እንዲቀጥል እፈልጋለሁ። ትራንስፖርት እጠይቃለሁ። ልጄ አይ ኢ ፒ አለው።» አይ ኢ ፒ ማለት ልጁ የሚያገኘው የስፔሻል ኢድ አገልግሎት የሚጻፍበት የግል ዕቅድ ነው።

ታላቋን ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ስለ ወንድሟ ችግር ለማያውቁት ሰው እንድታወራ ማድረግ ለእሷም ከባድ ነው፤ ሲከብዳት ደግሞ ትዘላለች፣ ታለሳልሳለች።

ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ይሄ ትንሽ ነገር በኋላ ላይ ያድናችኋል።

3. የትኛው ትምህርት ቤት?

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ልጁ ቤት ሳታጡ በፊት የተማረበት ወይም መጨረሻ የተመዘገበበት ነው። ስኩል ኦቭ ኦሪጅን ይሉታል። ሌላው አሁን ያላችሁበት ሰፈር ልጆች የሚሄዱበት ነው። ሕጉ የሚነሣው ልጁ በነበረበት መቆየቱ ይጠቅመዋል ከሚል ግምት ነው፤ ወላጅ ካልፈለገ ግን አይገደድም። ሕጉ በማይል የተቀመጠ ገደብ የለውም። የሚታየው ጉዞው ልጁን ይጎዳዋል ወይ የሚለው ነው።

እንበል ሲልቨር ስፕሪንግ ነበራችሁ። አሁን ሃያትስቪል ዘመድ ጋ ገባችሁ። በካርታ ቅርብ ነው፤ ግን ከሞንጎመሪ ካውንቲ ወጥታችሁ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ገብታችኋል፤ ሁለት የተለያዩ ዲስትሪክቶች ናቸው። ልጃችሁ ሞንጎመሪ መቀጠል ይችላል።

ሰፈር ያለውን ከመረጣችሁ ወዲያው መመዝገብ አለበት። የክትባት ወረቀት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የአድራሻ ማረጋገጫ፣ የድሮ ውጤት ባይኖርም ይመዘገባል። ወረቀቱን የማፈላለግ ሥራ የትምህርት ቤቱና የላያዘኑ ነው። ዘመዳችሁን ኖተራይዝድ ደብዳቤ እንዲጽፍ ካሰቃዩት «በማኪኒ-ቬንቶ ነው የምንመዘገበው» በሉ።

የኔ አስተያየት? ኦቲዝም ላለበት ልጅ፣ ወይም ከአስተማሪው ጋር ገና መግባባት ለጀመረ ልጅ፣ መቆየቱ ያዋጣል። ቤት ተለውጦበት ክፍሉም ከተለወጠበት ብዙ ይበዛበታል። ግን ጉዞውን በእውነተኛ ሰዓት ለኩት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሽንት ይዞት፣ ተናድዶ የሚደርስ ከሆነ የለመደው ክፍል ምንም አይጠቅመውም። መኖሪያችሁ በቅርቡ ይለወጣል ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ አታስወጡት። በአንድ ዓመት ሁለቴ ትምህርት ቤት መቀየር ከባድ ነው።

4. አውቶቡሱን በጽሑፍ ጠይቁ

በቃል ተነጋግራችሁ ተስማምታችሁ ቢሆንም ኢሜይል ላኩ። በአማርኛም ቢሆን ላኩት። እንዲህ የመሰለ ይበቃል፦

«ለዲስትሪክቱ የማኪኒ-ቬንቶ ላያዘን። ልጄ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከመጋቢት ወር ጀምሮ ቤት አጥተን ዘመድ ጋ ተጠግተናል። አሁን የምናድርበት አድራሻ ከታች አለ። እስካሁን በሚማርበት ትምህርት ቤት እንዲቀጥልና ደርሶ መልስ ትራንስፖርት እንዲመደብለት እጠይቃለሁ። ልጄ አይ ኢ ፒ አለው፤ ብቻውን መንገድ ማቋረጥ አይችልም። አውቶቡስ እስኪመደብ ድረስ ለጊዜው በምን እንደሚጓጓዝ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። ጥያቄው ካልተፈቀደ ምክንያቱና ይግባኝ የሚባልበት መንገድ በጽሑፍ ይድረሰኝ።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አትዝለሏቸው። መስመር ለመዘርጋት ቀናት ይፈጃል፤ በመሃል ልጁ ቤት መቅረት የለበትም።

የሚሰጣችሁ ሁሌ ቢጫ አውቶቡስ ላይሆን ይችላል። ቫን ወይም ታክሲ ይከራዩለታል፣ የከተማ አውቶቡስ ካርድ ይሰጡታል፣ ወይም ራሳችሁ የምታደርሱ ከሆነ የቤንዚን ይከፍሏችኋል። ካርዱ ላይ ተጠንቀቁ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከመስከረም 2022 ጀምሮ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በሕዝብ ትራንስፖርት በነፃ ይሄዳሉ። ሲያትል ያለ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይሄ ይበቃው ይሆናል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሁለት ባቡር ቀይሮ እንዲሄድ «ነፃ ነው እኮ» ቢሉ አትቀበሉ። የልጁ ዕድሜና አቅም መታየት አለበት።

ዝርዝሩን ስትነጋገሩ ሦስት ነገር አንሱ። አንደኛ፣ ከሼልተር ወይም ከሞቴል በር ላይ የሚነሳ ልጅ ጓደኞቹ እንዳያዩት መስመሩ እሱን መጀመሪያ አንስቶ መጨረሻ እንዲያወርደው ሊደረግ ይችላል። ልጆች ስለዚህ ጉዳይ ከምታስቡት በላይ ይጨነቃሉ። ሁለተኛ፣ ትንንሽ ልጆች ላይ ሾፌሩ የሚረከብ አዋቂ ካላየ ልጁን መልሶ ይወስደዋል። ሺፍታችሁ የማያስተማምን ከሆነ የተቀባይ ስም ሁለትና ሦስት አድርጋችሁ አስመዝግቡ። አክስትም ትሁን ጎረቤት ስሟ ወረቀቱ ላይ ካለ ይበቃል። ሦስተኛ፣ አውቶቡስ ሲዘገይ የምትደውሉበትን የትራንስፖርት ክፍሉን ቀጥታ ስልክ ያዙ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤቱ ስልክ አያነሳም።

እግረ መንገዳችሁን የምሳውንም ነገር ጨርሱ። በዚህ ሕግ የተመዘገበ ልጅ ቁርስና ምሳ በነፃ ያገኛል፤ የገቢ ፎርም መሙላት አያስፈልገውም።

5. ስፔሻል ኢድ፦ ሁለቱን ወረቀት አታምታቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ነው።

በማኪኒ-ቬንቶ የተገኘ አውቶቡስ የመጣው ቤት ስላጣችሁ ነው። በአይ ኢ ፒ የተገኘ አውቶቡስ የመጣው ልጁ በጉዳቱ ምክንያት ስለሚያስፈልገው ነው። የመጀመሪያው ቤት ስታገኙ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ያበቃል። ሁለተኛው ቤት አገኛችሁም አላገኛችሁም ልጁ እስካስፈለገው ድረስ ይቀጥላል። አይ ኢ ፒ ስብሰባ ላይ «አውቶቡስ አለው እኮ፣ ለምን እንጽፈዋለን?» ይሏችሁ ይሆናል። መልሱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ነገ ቤት ብናገኝ ልጄ እንደ ሌሎቹ ልጆች ብቻውን መሄድ ይችላል?» አይችልም ከተባለ ይጻፍ። አይ ኢ ፒው ላይ ሪሌትድ ሰርቪስ (ተጓዳኝ አገልግሎት) በሚባለው ክፍል ነው የሚገባው።

ሲጻፍም «ትራንስፖርት» ብቻ ተብሎ አይለፍ። ከበር እስከ በር ነው ወይስ ከማዕዘን? አውቶቡሱ ላይ ረዳት አለ? ማሰሪያ ወይም የተሽከርካሪ ወንበር ማንሻ ያስፈልጋል? ቢበዛ ስንት ደቂቃ ነው ሊቀመጥ የሚችለው? የሚጥል በሽታ ካለበት ሾፌሩ ምን ያድርግ? አንድ ልጅ ሞተሩ ሲጮኽ ጆሮውን ይይዛል፣ ሌላው ከመስኮት በኩል ካልተቀመጠ ያለቅሳል። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ንገሯቸው፤ ይጻፍ። ሌላ ጥቅምም አለው። ትራንስፖርት አይ ኢ ፒው ላይ ካለ ልጁን በጠባይ ምክንያት ከአውቶቡስ ማገድ ከትምህርት ቤት እንደማገድ ይቆጠራል፤ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው የዕገዳ ቀኖች ላይም ይቀነሳል።

አዲስ ዲስትሪክት ከገባችሁስ? አዲሱ ዲስትሪክት ከድሮው አይ ኢ ፒ ጋር ተመጣጣኝ የሆነ አገልግሎት ወዲያው መስጠት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ወይ የድሮውን የሚቀበለው ወይ አዲስ የሚያዘጋጀው። «ፋይሉ እስኪመጣ ጠብቁ» አይሠራም። ስለዚህ የመጨረሻውን አይ ኢ ፒ ሁሌ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ሻንጣ ይጠፋል፣ ዕቃ ማስቀመጫ ይዘጋል፤ ፎቶው ግን ለራሳችሁ ኢሜይል ከላካችሁት አይጠፋም።

ገና ያልተገመገመ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሕጉ ቤት የሌላቸውን ልጆች ፈልጎ የማግኘት ግዴታ በዲስትሪክቱ ላይ ጥሏል። እናንተ ግን እስኪፈልጓችሁ አትጠብቁ። «ልጄ ለስፔሻል ኢድ እንዲገመገም እጠይቃለሁ» ብላችሁ ቀን ጽፋችሁ ላኩ። ስምምነት ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ ግምገማው በ60 ቀን ያልቃል፤ ስቴቱ የራሱ ገደብ ካለው በዚያ ይሄዳል። ግምገማው ተጀምሮ በመሃል ከተዛወራችሁ ለአዲሱ ዲስትሪክት «ተጀምሮ ነበር» ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። አለዚያ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ሦስት ጊዜ የተዛወረ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሳይገመገም ያልፋል።

ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሌላ በር ነው የሚገባው። እያንዳንዱ ስቴት ለሕፃናት የቅድሚያ ድጋፍ ፕሮግራም አለው። ሪፈራሉ ከደረሳቸው በ45 ቀን ውስጥ ግምገማውንም የመጀመሪያውን የዕቅድ ስብሰባም ማድረግ አለባቸው። ለዚህ የግድ ሐኪም አያስፈልግም፤ ወላጅ ራሱ መጠየቅ ይችላል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር። እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ያልቻለውን ልጅ «ችግር አለበት» ይለዋል፤ ወላጅ ደግሞ በእርግጥ ችግር ያለበትን ልጅ «እንግሊዝኛ ሲለምድ ይናገራል» እያለ ዓመት ያሳልፋል። ሕጉ ለሁለቱም መልስ አለው። እንግሊዝኛ አለመቻል ብቻውን የስፔሻል ኢድ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ግምገማውም እስከተቻለ ድረስ ልጁ በሚችለው ቋንቋ መደረግ አለበት። በአማርኛም ቢሆን ካልተናገረ፣ ስሙን ሲጠሩት ካልዞረ፣ ቋንቋ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ደግሞ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ እንዲኖር ቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ። እዚያው እንድትፈርሙ ቢያቻኩሏችሁ «ቤት ወስጄ አነባለሁ» በሉ። አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምረው እናንተ ፈቅዳችሁ ስትፈርሙ ነው፤ ስለዚህ ከሳምንት በላይ አታቆዩት።

6. «በጀት የለንም» ሲሏችሁ

ይህን ዓረፍተ ነገር ትሰሙታላችሁ። ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ ካወቃችሁ አያስደነግጣችሁም።

የፌዴራል መንግሥት ለማኪኒ-ቬንቶ ትምህርት የሚመድበው ገንዘብ ለአገሩ ስፋት ትንሽ ነው። በ2023 በጀት ዓመት 129 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስቴቶች ከሚደርሳቸው አብዛኛውን በውድድር ለዲስትሪክቶች ያካፍላሉ። አብዛኞቹ ዲስትሪክቶች ከዚህ ምንም አያገኙም። በ2021 በኮቪድ ጊዜ 800 ሚሊዮን ዶላር ተጨምሮ ነበር፤ ያ ገንዘብ ውል የሚገባበት ጊዜ መስከረም 30 ቀን 2024 አበቃ። ስለዚህ «ገንዘብ ቀነሰብን» የሚሉት ውሸት አይደለም። ግን ግዴታው ከገንዘቡ ጋር አልተያያዘም። ሳንቲም ያላገኘ ዲስትሪክትም ልጁን የማጓጓዝ ግዴታ አለበት። በተጨማሪ ታይትል ዋን ከሚባለው የፌዴራል ገንዘብ ላይ ለቤት አልባ ተማሪዎች ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት፤ ያንን ገንዘብ ለአውቶቡስም ለላያዘን ደሞዝም ሊያውለው ይችላል።

በምሳሌያችን ሞንጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ወጪውን በስምምነት ይከፋፈላሉ። ካልተስማሙ ሕጉ እኩል ይካፈሉ ይላል። ልጁ ግን እስኪስማሙ ቤት አይቀመጥም። ማሳቹሴትስ ላይ ይኸው ክርክር ገፍቶ በ2011 የስቴቱ ኦዲተር ወጪው ከተሞች ላይ ያለ ገንዘብ የተጫነ ግዴታ ነው ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ስቴቱ የቤት አልባ ተማሪዎችን የትራንስፖርት ወጪ ለከተሞች ይመልሳል፤ ስንቱን እንደሚመልስ በየዓመቱ በጀት ላይ ይወሰናል። ሌሎች ስቴቶች ሌላ ሌላ መንገድ አላቸው።

ስፔሻል ኢድም እንዲሁ ነው። ኮንግረስ በ1975 ለእያንዳንዱ ልጅ የአገሩን አማካይ የተማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር። ሞልቶት አያውቅም፤ በቅርብ ዓመታት ከ15 በመቶ በታች ነው። ቀሪው የስቴትና የአካባቢ ታክስ ነው። ዲስትሪክቶች ከሜዲኬይድም ለንግግር ሕክምናና ለመሳሰለው ያስከፍላሉ። ለዚህ የፈቃድ ወረቀት ይሰጧችኋል። ባትፈርሙም ልጁ አገልግሎቱን አያጣም፤ ብትፈርሙም ከእናንተ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም።

ስለዚህ «በጀት የለንም» ሲባል በጨዋ ደንብ «ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። ይህ ቃል ወረቀት ላይ ሲሰፍር ብዙም አይታይም፤ ምክንያት ሆኖ እንደማይቀርብ ራሳቸውም ያውቃሉ።

7. እምቢ ካሉ

መንገዱ እንደ ጉዳዩ ይለያያል።

ቤት ማጣታችሁ፣ የትምህርት ቤት ምርጫው ወይም አውቶቡሱ ከሆነ ያጣላችሁ፣ የማኪኒ-ቬንቶ ክርክር አንሱ። ውሳኔውን በሚገባችሁ ቋንቋ በጽሑፍ ሊሰጧችሁ ይገባል። ላያዘኑ ይግባኙን ያካሂዳል። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ክርክሩ ይግባኙን ጨምሮ እስኪያልቅ ድረስ ልጁ በመረጣችሁት ትምህርት ቤት ይማራል፣ ትራንስፖርቱም ይሰጠዋል። ላያዘኑ ራሱ ካስቸገረ ከበላዩ በስቴት ደረጃ አስተባባሪ አለ። እያንዳንዱ ስቴት አንድ አለው።

የአይ ኢ ፒ ጉዳይ ከሆነ በአይዲያ በኩል ትሄዳላችሁ። ለስቴቱ ቅሬታ መጻፍ ቀላሉ ነው። ጥሰቱ ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ስቴቱም በ60 ቀን ውስጥ ይወስናል። ጠበቃ አያስፈልግም። ነፃ ሽምግልናም አለ። ከዚያ ከባድ የሆነው ዱ ፕሮሰስ የሚባለው ችሎት ነው፤ እዚያ ከመግባታችሁ በፊት ሰው አማክሩ። እያንዳንዱ ስቴት ውስጥ የስፔሻል ኢድ ወላጆችን በነፃ የሚያግዝ የወላጆች ማሠልጠኛና መረጃ ማዕከል አለ። 211 ብትደውሉም በአካባቢያችሁ ያሉ የሼልተርና የሕግ ድጋፍ ሰጪዎችን ይጠቁሟችኋል።

ስትሟገቱ ቁጣውን ቤት ትታችሁ ሂዱ። ያለ ወረቀት የተቆጣ ወላጅ ተረጋጋ ይባላል፤ ሦስት ኢሜይል በቀን በቀን ደርድሮ ያመጣ ወላጅ ግን ይሰማል።

8. ብቻውን ያለ ወጣት ከሆነ

አጎቱ ጋ መጥቶ ተጣልቶ የወጣ፣ ወይም ጓደኛ ቤት ሶፋ ላይ የሚያድር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአካባቢያችሁ ካለ ለላያዘኑ አገናኙት። ያለ ወላጅ ፊርማ መመዝገብ ይችላል፣ ትራንስፖርቱንም ላያዘኑ ይጠይቅለታል። ስፔሻል ኢድ ካስፈለገው ዲስትሪክቱ በወላጅ ቦታ የሚቆምለት ሰው ይመድባል፤ በ30 ቀን ውስጥ ለመመደብ መጣር አለበት። እስከዚያ የሼልተሩ ሠራተኛ ለጊዜው ሊቆምለት ይችላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ የላያዘኑን የማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጠይቅ ንገሩት። በዚያ ደብዳቤ የኮሌጅ ዕርዳታ ፎርሙን ፋፍሳን የወላጅ ገቢ ሳያስገባ መሙላት ይችላል።

9. ቤት ስታገኙ

ጥር ላይ አፓርታማ ብታገኙም አውቶቡሱ በማግስቱ አይቆምም። ልጁ በዚያው ትምህርት ቤት ዓመቱን ይጨርሳል፣ ትራንስፖርቱም እስከዚያው ይቀጥላል። አዲሱን አድራሻ ለላያዘኑና ለትራንስፖርት ክፍሉ በኢሜይል ላኩ፤ አዲሱ መነሻ እስኪስተካከል ጥቂት ቀን ይወስዳል።

አይ ኢ ፒ ያለው ልጅ ከሆነ ከትምህርት መዘጊያው በፊት፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ ስብሰባ ጠይቁ። የመስከረሙ አውቶቡስ የሚመደበው በሰመር ዕረፍቱ ነው፤ መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ከጠየቃችሁ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሊያጣ ይችላል። ስብሰባው ላይ ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ትራንስፖርቱ በአይ ኢ ፒው ላይ በዝርዝር መኖሩን፣ እና የቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ። ገና ዘመድ ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ለአዲሱ ዓመት የማኪኒ-ቬንቶ ምዝገባውን እንደገና አስደርጉ፤ አብዛኛው ዲስትሪክት በየዓመቱ ነው የሚያድሰው።